ስለ ቀርከሃው ዘንግ ለልጄ የተጻፈ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ባሕር ዳርም ዝናቡን ጨርሳ ብርዷን ጀምራለች። ከምናለሽ ተራ ገዝተሽ በአውቶቡስ የላክሽው የአምስት ቀርከሃ ቁራጮች እሽግ ደርሶኛል። ሻጩ የመጋረጃ ዘንግ ነው ብሎ መሸጡ ጠቀመን እንጂ አልጎዳንም፤ የያዘውን ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ዋጋ ባልለቀቀልሽ ነበር። የተሰበረውን ጫፍ ወደ ብርሃን ብታዞሪው፣ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ስንጥሮች እንደ ማር እንጀራ ዓይን ገጥመው ታያለሽ። ቀርከሃው ተሰንጥቆ፣ ተጠርቦና በኮላ ተጣብቆ የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። የዚህ ዓይነት ዘንግ የሚሠራው በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ከሚበቅለውና ቶንኪን ከሚባለው ቀርከሃ ነው፤ የእኛ የእንጅባራው ቀርከሃ የግንዱ ግድግዳ ለዚህ ሥራ አይመችም። አሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ከቻይና ጋር መነገድ ስታቆም ቶንኪን ከገበያዋ ጠፋ፤ ፋይበር ግላስም ቦታውን ወሰደ።

ከአምስቱ ቁራጮች ሙሉ ዘንግ ይወጣ እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ቁራጮቹ ከሁለት የተለያዩ ዘንጎች የተረፉ ሁለት እግር (በመያዣው በኩል ያለው ወፍራሙ ክፍል)፣ ሁለት መካከለኛና አንድ ጫፍ ስለሆኑ የቀድሞውን የ3 ሜትር ቁመት መመለስ አይቻልም፤ ልመልስ ብሎ መታገልም በእኔ አስተያየት ከንቱ ድካም ነው። ሁለት አጫጭር፣ ግን በእርግጥ ዓሣ የሚያወጡ ዘንጎች ይወጡታል። አንዱን ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛውን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ከሁሉ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ ጆሮሽ ሥር አድርገሽ ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ በቀስታ ጠምዝዢ። ደህናው ዝም ይላል፤ ኮላው የለቀቀው ግን እንደ ደረቅ ጭራሮ ይንጣጣል። የጥንቱ ኮላ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚፈላ በመሆኑ እርጥበትና ሙቀት ያላቅቁታል። ከመካከለኞቹ አንዱ ሲንጣጣ ስለሰማሁ በሙቅ ውሃ አላቅቄ፣ አሮጌውን ኮላ ፍቄና ስንጥሮቹን በደንብ አድርቄ ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ኮላ መልሼ አጣበቅኩት፤ እስኪደርቅም ከላይ እስከ ታች በሲባጎ በግራና በቀኝ ጥምጥም አሰርኩት። ጠማማውን ደግሞ ከከሰል ምድጃ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ እያሽከረከርኩ አሞቅኩና አቃንቼ እስኪቀዘቅዝ ያዝኩት፤ እዚያ ላይ የቸኮለ ሰው ወይ ያቃጥለዋል፣ ወይ ኮላውን ያላቅቀዋል።

አሁን የምነግርሽን ስህተት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ገና ወጣት ሳለሁ አንድ እንግዳ ትቶልኝ የሄደው ዘንግ ነበረኝ፤ ቁራጮቹን የሚያያይዘው የነሐስ ቱቦ፣ ማጋጠሚያው፣ አልገባ ስላለኝ የቀርከሃውን ዙሪያ በሞረድ ሞረድኩት። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ የመጀመሪያው ነጭ ዓሣ ሲጎትት ልክ ከሞረድኩት ቦታ ተሰበረ። የቀርከሃ ጉልበት ያለው ከቆዳው ሥር ባለው ጥቅጥቅ ቃጫ ላይ ነው፤ ውስጡ ሙሊት ብቻ ነው። ስለዚህ ማጋጠሚያው ሲጠብብሽ ቀርከሃውን አትሞርጂው፤ ለመጠኑ የሚሆን ሌላ ነሐስ ፈልጊ፤ ሲሰፋብሽ ደግሞ ክር ጠምጥመሽ በኢፖክሲ ሙዪው።

እኔ የሠራሁት ግን ማጋጠሚያ የለበትም። የእግሩን ቀጭን ጫፍና የመካከለኛውን ወፍራም ጫፍ ስለካ ሁለቱም 9 ሚሊሜትር ሆኑ፤ ይህም ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ውፍረቱ በድንገት ከዘለለ ዘንጉ እዚያው ይታጠፋል። ከዚያም የቁም ጸሐፊ የመቃ ብዕሩን እንደሚቀርጸው ሁለቱንም ጫፎች 11 ሴንቲሜትር ያህል ሰያፍ አድርጌ ጠረብኩ። ፊት ለፊት ስገጥማቸው በመካከላቸው ብርሃን እስከማይታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኳቸው፤ ይህ ብቻውን አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ። በኢፖክሲ አጣብቄ በማግስቱ መገጣጠሚያውን በክር ጥቅጥቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። ማዕዘኖቹ ተራ በተራ እንዲገጥሙ አስቀድመሽ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፤ እኔ ረስቼ ሁለት ጊዜ አፍርሻለሁ።

ለመያዣው የጠርሙስ ቡሾች በስቼ ደረደርኩ። ገመድ ማሳለፊያ ቀለበቶቹ ሰባት ሲሆኑ ወደ ጫፍ በቀረቡ መጠን እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ አንድ አንዴ፣ ስስ አድርጌ በጥላ ውስጥ ቀባሁት። እሑድ ለእናትሽ አንድ ቆሮሶ አምጥቼበታለሁ፤ እሷ ግን ዘንጉን ሳይሆን የቆሮሶውን ማነስ ነው ያየችው።

ለአንቺ የተውኩት ሁለተኛው እግር፣ ሁለተኛው መካከለኛና ጫፉ ነው። ጫፉ ከመካከለኛው ጋር ውፍረቱ ስለማይገጥም እኩል እስኪሆን ድረስ መካከለኛውን ከቀጭን በኩሉ መቁረጥ ይኖርብሻል፤ የሚቆረጠውን ቦታ በእርሳስ አመልክቼልሻለሁ፤ መጋዙን ግን አልነካሁም። ለጥምቀት ስትመጪ አንድ ጥቅል ቀጭን የሐር ክር ይዘሽ ነይ፤ ቀዩን ካገኘሽ ጥቁሩን ተዪው።

አባትሽ