ፌስቡክን የት ሄደን እንክሰስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት «ማኅበራዊ ሚዲያው ይዘጋና እንገላገል» የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጸሐፊው ለምን እንደተናደዱ ይገባኛል። መፍትሔያቸው ግን አልተዋጠልኝም። እኔ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ስልክ ጋር ስለምውል፣ ሲዘጋም ሲከፈትም የሚሆነውን አያለሁ።

ሲዘጋማ አይተነዋል እኮ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተዘግተው አልነበር? ምን መጣ? ሱቄ የሚገባው ወጣት ሁሉ ወሬው «ቪፒኤን ጫንልኝ» ሆነ፣ የተዘጋውን የሚያስከፍተውን መተግበሪያ ማለቱ ነው። ስድቡም ዛቻውም በቪፒኤን እንደ ልቡ ሲዘዋወር ከረመ። የተጎዱት ቤይሩት ካለች ልጃቸው ጋር በሜሴንጀር ካልሆነ የማይገናኙ አንዲት እናት ናቸው። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይመጡና «ይሄ ነገር ዛሬም እምቢ አለኝ፣ እስቲ እየው የኔ ልጅ» ይሉኛል። እጭንላቸዋለሁ። በሳምንቱ ሳያውቁት አጥፍተውት ይመለሳሉ። ተሳዳቢው አንድም ቀን ችግር ገጥሞት ሲመጣ አላየሁም።

ይህን ስል ግን ለኩባንያዎቹ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ኧረ በፍጹም!

ጥቅምት 2012 አዳማ የነበረ ሰው አይረሳውም። አንድ የታወቀ ፖለቲከኛ በውድቅት ሌሊት ጥበቃዎቼ ሊነሱብኝ ነው ብሎ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ሲነጋ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። መንግሥት በኋላ በየከተማው የሞተው ሰው 86 ደረሰ አለ፣ አዳማም ከነዚያ ከተሞች አንዷ ናት። የጻፈው ሰው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር አሁን አልከፍተውም፣ እሱ ከተማችን ውስጥ እስካሁን ሁለት ሰው ቡና ላይ የሚያጣላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእንዲያ ያለ ሌሊት የትኛው ጽሑፍ የሰው ስልክ ላይ ቀድሞ ብቅ እንደሚል፣ የትኛው ከታች ተቀብሮ እንደሚቀር የሚወስነው ማን ነው? ከንቲባው አይደለም። ፓርላማውም አይደለም። ካሊፎርኒያ የተቀመጠ ኩባንያ ያወጣው ስሌት ነው።

ስሌቱ ደግሞ ዛሬ ምስጢር አይደለም። ከኩባንያው ውስጥ አፈትልከው የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስቡክ ለዚያች ቀላ ላለች የተቆጣች ፊት ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጣት ነበር። ዜሮ ያደረጓት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እስቲ አስቡት። አንዱ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሃምሳ ላይክ ያገኛል። ሌላው የጎረቤቱን ብሔር ተሳድቦ አሥር የተቆጣ ፊት ያገኛል። ለማሽኑ ሁለቱ እኩል ናቸው። ኮሜንቱና ሼሩ ሲጨመርበት ደግሞ ተሳዳቢው ጥሎት ይሄዳል።

ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ በ2014 መባቻ ለአሜሪካ ሴኔትና ለእንግሊዝ ፓርላማ ስትመሰክር አገራችንን በስም ጠርታ ነበር። ኢትዮጵያ ስድስት ቋንቋ አላት፣ የፌስቡክ የደኅንነት ሥርዓት የሚሠራው ግን በሁለቱ ብቻ ነው አለች። እኛ ጋ ደግሞ ሰው አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ይጨርሰዋል፣ መሐሉን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ይህን ማን ይለየዋል?

የሰፈራችንን ልንገራችሁ። የአንድ ሰው ፎቶ ከነሚኖርበት ሰፈር ተለጥፎ «እወቁት» ተባለ። ከሥሩ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ተጠራርተን ሪፖርት አደረግን። መልሱ ቆይቶ መጣ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፦ ጽሑፉ መመሪያችንን አይጥስም። ሰውየው ቤቱን ትቶ ዘመድ ጋ ከረመ። መተግበሪያው የትኛው እንደሆነ ልተወውና፣ ይግባኝ የሚባልበት ስልክም ሆነ ቢሮ ስንፈልግ አዳማ ቀርቶ አዲስ አበባም የለም።

ኩባንያዎቹ ሲፈልጉ ግን ጽሑፍ ማንሳት ያውቁበታል። ሰኔ 2013፣ ምርጫው ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ ከመንግሥቱ የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም ከኢንሳ ጋር ግንኙነት አላቸው ያላቸውን ሐሰተኛ አካውንቶች አነሳ። ጥቅምት 2014 የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጽሑፍ ሁከት ያነሳሳል ብሎ አወረደ። በዚያው ሰሞን ትዊተር ኢትዮጵያ ውስጥ ትሬንድ የሚባለውን፣ ብዙ ሰው የሚያወራበትን ርዕስ የሚያሳየውን አገልግሎት ለጊዜው አጠፋ። ውሳኔዎቹ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ብዙዎቻችን ደግፈናቸው ይሆናል። ግን የአንድ አገር መሪ ምን ይበል ምን አይበል የሚወስኑትን ሰዎች ማን መረጣቸው? በራሳቸው አገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2021 ትራምፕን ከፌስቡክም ከትዊተርም አባረሩት። ጥር 2025 በዓለ ሲመቱ ላይ የፌስቡኩ ዛከርበርግም ትዊተርን የገዛው ማስክም ከፊት ተደርድረው ተቀመጡ። በዚያው ወር የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ አሜሪካ ውስጥ መረጃ የሚያጣሩለትን ድርጅቶች አሰናብታለሁ አለ። መመሪያ የሚሉት ነገር ቤተ መንግሥት የገባውን ሰው እያየ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ እኛ እንደ መብት ልንቆጥረው አንችልም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ኩባንያዎቹ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያዛል። ያው አዋጅ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድበት አድርጓል። አምስት ሺህ ተከታይ እኮ ዛሬ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ልብስ የሚሸጥ ልጅም አለው። እሱን ለማግኘት አንድ ፖሊስ ይበቃል። ቢሊዮን ተጠቃሚ ያለውን ኩባንያ ግን ማን ጠርቶት ያውቃል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ በሩ ትንሽ የተከፈተው ናይሮቢ ነው። ታኅሣሥ 2015 ሁለት ኢትዮጵያውያንና ካቲባ ኢንስቲትዩት የተባለ የኬንያ ድርጅት ሜታን እዚያ ከሰሱት። የአንደኛው ከሳሽ አባት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። ፌስቡክ ላይ ስማቸው እየተጠራ ከተዛተባቸው በኋላ ጥቅምት 2014 ተገደሉ። ናይሮቢ የሆነው ያኔ የእኛን አካባቢ ጽሑፎች የሚገመግሙት ሠራተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። መጋቢት 2017 ላይ ፍርድ ቤቱ «አለኝ» አለ።

ስለዚህ ጉዳይ የሱቄን ደንበኞች ብጠይቅ የሚያውቀው ከጣት አይበልጥም። ስለ ቲክቶክ ላይቭ ጠብ ከሆነ ግን ማን ማንን ምን እንዳለው፣ ማን ስንት ጊፍት እንዳገኘ ሰዓቱን ጠቅሶ ይነግራችኋል።

አዘጋጅ፣ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የናይሮቢውን ክስ ቀጠሮ በቀጠሮ ተከታተሉልን። ሁለተኛ፣ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ጠይቁልን፦ ከአዋጁ ወዲህ ለእነዚህ ኩባንያዎች ስንት ጥቆማ ላከ? በየትኛው ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ? ስንቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ተነሳ? መልስ ከሰጡ እንዳለ አትሙት። እምቢ ካሉም እምቢ ማለታቸውን አትሙት።

ባለፈው ሳምንት የጻፉት ሰውዬም ወደ አዳማ ብቅ ካሉ ሻይ እጋብዛለሁ፣ በዚያውም እኚያን እናት አስተዋውቃቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሞባይል ጠጋኙ፣ ከአዳማ