ነጭ ሳህን ሁሉ የኢንዛይም ማስረጃ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ድንች የሚያበሰብሰው ፔክቶባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ አሲል ሆሞሴሪን ላክቶን የሚባል የመልእክት ኬሚካል ወደ ውጭ ይለቃል። ቁጥሩ ሲበዛ ኬሚካሉም ይጠራቀምና ባክቴሪያዎቹ የሕዋስ ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን በብዛት ያመርታሉ፤ ድንቹ የሚላሽቀው ያኔ ነው። ባሲለስ የተባሉ አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች ግን የኬሚካሉን ቀለበት መሰል ክፍል የሚከፍት ላክቶኔዝ የተባለ ኢንዛይም አላቸው። ጠላቱን ሳይገድሉ መልእክቱን ያጠፉበታል፤ ትልቅ ተስፋ የምንጥልበትም ለዚህ ነው።

የሚያሳስበን እንዲህ ያሉትን ባሲለሶች ለመለየት በሳህን ላይ የሚደረገው ምርመራ አሠራር ነው። ጠቋሚ ሆኖ የሚያገለግለው ባክቴሪያ፣ ክሮሞባክቴሪየም ሲቪ026፣ መልእክቱ ሲደርሰው ሐምራዊ ይሆናል፤ ሲጠፋበት ነጭ ሆኖ ያድጋል። ጨርሶ ካላደገና አጋሩ (የሚያድግበት የረጋ ማሳደጊያ) ጥርት ብሎ ከታየ ግን ባሲለሱ በአንቲባዮቲክ ገድሎታል ወይም እድገቱን ገትቶታል ማለት ነው። ሌላው ወጥመድ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው። ባሲለስ ሲያድግ የማሳደጊያውን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል፤ ከ8 ካለፈ ቀለበቱ ያለ ኢንዛይምም ይከፈታል። ስለዚህ ማሳደጊያውን ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፎስፌት በፈር 6.5 አካባቢ ያዙት። ለማነጻጸሪያም ኬሚካሉ ኖሮበት ባሲለስ የሌለበትንና አስቀድሞ የተቀቀለ የባሲለስ ናሙና የገባበትን ከጎኑ አስቀምጡ፤ ሁለቱም ሐምራዊ ካልሰጡ ውጤቱን አትመኑት።

ጠቋሚውን ነጭ ያስቀረውን የባሲለስና የኬሚካሉ ፈሳሽ፣ ሕዋሳቱን ካስወገዳችሁ በኋላ፣ ፒኤች 2 ላይ አሳድሩት። ጠቋሚው ላይ ከመጨመራችሁ በፊት ወደ 6.5 መልሱት፤ አለዚያ አሲዱ ጠቋሚውን ይገድለዋል። ሐምራዊው ከተመለሰ የተከፈተው ቀለበት ገጥሟል፤ ላክቶኔዝ ነው። ካልተመለሰ የኬሚካሉን ሰንሰለት የሚቆርጠውን ሌላ ኢንዛይም፣ አሲሌዝን፣ ጠርጥሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎች