ይድረስ ለአባ መላ

እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የእናትሽ እግር ተሻላቸው? ይህን ያህል ዘመን መጥፋቴ ምንም ምክንያት ቢደረደርለት አያምርምና ይቅር በይኝ ብዬ ልለፈው። ደግሞ አንቺም አልጻፍሽም። ናፍቀሽኝ ነው የጻፍኩት ብልሽ አታምኚኝም፤ በእርግጥ ናፍቀሽኛል፣ ግን ጉዳይም አለኝ።

ፕሮጀክቱ መዘጋቱን ሳትሰሚ አትቀሪም። በጥር 2017 የእርዳታው ገንዘብ ሲቋረጥ ከነሾፌሮቻችን ተበተንን። በዚያ ላይ ብዙ አልልም። የቸገረኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ሥራ ፍለጋ እኛ የምናውቀው ዓይነት መሆኑ ቀርቷል። እሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ ገዝቶ፣ ማስታወቂያውን በእስክሪብቶ ከብቦ፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብሎ ማመልከት ድሮ ቀረ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ሊንክድኢን ላይ ከሌለሽ የለሽም ማለት ነው፤ የግል ብራንድ መገንባት አለብሽ» አለችኝ። ሠራተኛና ቀጣሪ የሚገናኙበት ድረ ገጽ ነው አሉ። እኔ ብራንድ የማውቀው ካርቶን ላይ ታትሞ ነው።

ነጠላዬን አስወልቃ የእናቷን ኮት አልብሳ ፎቶ አነሳችኝ። ከስሜ ሥር ማንነቴን ከ220 ፊደል ባልበለጠ ግለጪ ተባልኩና «የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዘችው። «ሕይወት አድን የአቅርቦት ሰንሰለት መሪ» አለችልኝ። ማንን ነው የመራሁት? እነዚያን ሁለት የጉልበት ሠራተኞች? እነሱም ቢሆኑ አንቺን እንጂ እኔን አይሰሙም ነበር።

ራሴን ማወደስ አልሆንልሽ አለኝ። ያደግነው «ሌላ ያመስግንሽ» እየተባልን ነው። ግን ደግሞ ሳስበው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ (ሞክሼሽ!) ሲባሉ የፈረስ ስሙም ቅጽሉም ብራንድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ፎካሪውስ ግዳዩን እየቆጠረ ሲንጎራደድ ማን ነውረኛ አለው? ብቻ እሱ የሚፎክረው አብረውት የዘመቱት በተቀመጡበት ነው። ቢያጋንን ከጥግ አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እኔ ግን የምፎክረው አንድም ቀን አይተውኝ በማያውቁ ሰዎች ፊት ነው፤ ጉሮሮውን የሚጠራርግ የለም።

ስለዚህ ፉከራውን ትቼ የማውቀውን ጻፍኩ። መድኃኒት ከመጋዘን ሲወጣ ቀድሞ የገባው ሳይሆን ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው መቅደም አለበት፤ ዘግይቶ የገባ ካርቶን አንዳንዴ አጭር ዕድሜ ይዞ ይመጣልና ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው ካልተጻፈ ማንም አያውቅም፣ አልኩ። ለአንቺ ይህ ፊደል መቁጠር ነው። ሰዎች ግን አነበቡት! ልናዘዝልሽ፤ ሌሊት እየተነሳሁ ስንት ሰው ወደደው ብዬ አያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

ካነበቡት መካከል አንዲት የአቅርቦት ኃላፊ ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ ጠራችኝ። ታዲያ «አብሮሽ የሠራ ሰው የሰጠው ምስክርነት ገጽሽ ላይ የለም» አለችኝ። የሥራ ልምድ ወረቀቴን ላኩላት። እሱን ታውቂዋለሽ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራዬን ዓይነት፣ ያገለገልኩበትን ጊዜና ደመወዜን ይናገራል። ማኅተሙም ያምራል። እንዴት እንደሠራሁ ግን አንድ ቃል የለበትም።

ምስክሬ ሁኚ። የጅማውን ሌሊት ጻፊልኝ። ዝናቡን፣ ጥሩምባውን የሚነፋውን ሾፌር፣ «ፈርሚለትና ይሂድ» የሚለውን አለቃ አስታውሺ። ጭነቱ ሳይቆጠር ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙን) አልፈርምም ብዬ ድርቅ ስል አንቺ በስልክሽ መብራት የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩን እየጮህሽ ታነቢ፣ እኔ ከሰነዱ ጋር አመሳክር ነበር። ከታች ያሉት ካርቶኖች ርሰው ግርጌያቸው እጃችን ላይ የቀረውን፣ ለብቻቸው አውጥተን ጉዳቱን መዝግበን ያስፈረምነውን ጻፊ። ያን ሌሊት የረገምሽኝን መጨመር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ፣ እንጃ፣ እኔም አፍሬያለሁ። ካልተመቸሽ ተይው። ተይው ስልሽ ግን አትተይው።

«ትጉህና ታታሪ» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ እዚያ ትጉህ ያልሆነ ሰው የለም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን። መጀመሪያ ግን የላክሁልሽን የግንኙነት ጥያቄ መቀበል አለብሽ ይላሉ፤ ኮት የለበሰችው እኔ ነኝ። ገጽሽን ስፈልግ አንቺም «ከፍተኛ አማካሪ» ብለሽ አየሁ። ማንን ነው የምታማክሪው? በስልክ ትነግሪኛለሽ፤ ቁጥሬ አልተለወጠም። ብቻ ከሐሙስ በፊት ይሁን።

እህትሽ