ሰሌዳው ላይ ቁጥሩንም ጻፉት

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ስለ ማሻሻል፣ ስለ ጃፓኖቹ ካይዘን፣ አገራችን ውስጥ ብዙ ተወርቷል፤ የካይዘን ኢንስቲትዩቱም ከተቋቋመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ካንባን፣ ማለትም ሥራን በካርድና በሰሌዳ እየተቆጣጠሩ የማስኬድ ዘዴ፣ ሲነሳ ግን ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ብቻ ይመስለዋል። ይሄ ያንገበግበኛል፤ እኛም እንደዚያ መስሎን ዋጋ ከፍለንበታል።

ሰሌዳ ሰቀልን። «የሚሠራ»፣ «የተጀመረ»፣ «ያለቀ» ብለን ከፈልነው፣ እያንዳንዱን ትእዛዝም በቢጫ ወረቀት ጽፈን ለጠፍን። ጥር ሲገባ የሠርግ ጥሪ ካርድ ጎረፈ። «የተጀመረ» የሚለው ቦታ ላይ 17 ወረቀት ተደራረበ። ዲዛይነሩ አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ደንበኛ ይደውላል፣ ያንን ትቶ ይሄኛውን ይከፍታል፣ መቁረጫው ጋ ደግሞ የታተመው ተቆልሎ ማለፊያ ጠፋ። አንዲት ሙሽራ ካርዷን የተረከበችው ሠርጓ አራት ቀን ሲቀረው ነው። እያለቀሰች ነበር የወጣችው።

የመኪና አምራቹ የቶዮታ መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ የካንባንን ሐሳብ ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። እዚያ መደርደሪያው ላይ የሚተካው ደንበኛ ያነሳው ያህል ብቻ ነው። ፋብሪካውም ውስጥ ከቀጣዩ ክፍል «ዕቃ አልቋል፣ ተኩ» የሚል ካርድ ካልመጣ ዕቃ አይመረትም። ነገሩ ያለው ገደቡ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ እንደሚያዝ በሚወስነው ቁጥር ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ የዘለልነው እሱን ነው።

ከዚያ በቀይ ማርከር ዲዛይን 3፣ ህትመት 2፣ መቁረጥና ጥረዛ 2 ብለን ጻፍን። ቦታው ከሞላ አዲስ ሥራ አይጀመርም፤ እጁ ባዶ የሆነ ሰው የተጨናነቀውን ሄዶ ያግዛል። አለቃችን መጀመሪያ አልወደዱትም፣ ሰው ሥራ ፈቶ የሚቆም መስሏቸው። ግን በሳምንቱ ዲዛይነሩ መቁረጫው ጋ ሊያግዝ ሲሄድ ምላጩ ደንዞ አገኘው። አንድን ጥቅል ሁለት ሦስቴ ነበር የሚቆርጡት! ስንት ጊዜ «ዲዛይን ዘገየ» ብለን ልጁን ተቆጥተነዋል። ምላጩ ተሳለ፣ ክምሩም በሁለት ቀን ወረደ።

አሁን አለቃችን ደንበኛ ቀን ሲጠይቃቸው መጀመሪያ ዞር ብለው ሰሌዳውን ያያሉ።

እናንተም ፋብሪካ ሄዳችሁ ስትዘግቡ ሰሌዳውን ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። «ገደባችሁ ስንት ነው? ሲሞላስ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ