ለበጉ ቦታ ነበረኝ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን የምታወጡትን የገና ገበያ ዘገባ እየተከታተልኩ ነው። የዶሮው፣ የእንቁላሉ፣ የቅቤው ዋጋ። ጥሩ ነው፤ እኔም ዋጋ አጣራበታለሁ። ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመና ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

ባለፈው ዓመት፣ የገና ዋዜማ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር። አመሻሽ ላይ በር ተንኳኳ። ከጣና ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ ጋቢ ለብሷል፣ ኮንጎ ጫማው አቧራ ውጦታል። ሚስቱ ምጥ ጠንቶባት በጀልባ አምጥቶ ሆስፒታል አስገብቷታል። ማታ አስታማሚ ይውጣ ሲባል ወጣ። ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም።

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ለዛሬ ብቻ አሳድሩኝ» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ቤቱ ጠባብ ነው። ወረድ ስትል አልጋ ቤት አለልህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ምኑን እንደሰጠሁት እንጃ!

ዞር ከማለቱ ከጓሮ በጉ ጮኸ። የበዓሉን በግ ያሰርነው ሰርቪሷ ውስጥ ነበር፤ ሌባም ብርድም እንዳያገኘው ብለን። ሣር ሁሉ ተጎዝጉዞለታል።

ሌሊት ለቅዳሴ ስንወጣ ሰውየው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተኮራምቷል። የታኅሣሥን የሐይቅ ዳር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አልፌው ሄድኩ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጥሉላት አልቀመስኩም፤ በእጄ መገበሪያና ጧፍ ይዣለሁ። ሳስቀድስ ግን ሉቃስ 2፥7 ነው በጭንቅላቴ የሚመላለሰው፤ በእንግዶች ማደሪያ ቦታ አጥተው ሕፃኑን በግርግም ያስተኙበት። ለካ «ቤቱ ጠባብ ነው» ያለው ሰው እኔ ነኝ።

ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅባትን ቤትም በየደብሩ በዚሁ ስም እንጠራታለን። እኔ ለዚያች ቤት ስንዴ ይዤ ስገባ እራቱን ይብላ አይብላ ያልጠየቅኩት ሰው ደጅ ቀርቷል።

አያቴ ገጠር ስትኖር መንገደኛ «አሳድሩኝ» ካላት መልሷ አንድ ነበር፤ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ።» ውሃ አሙቃ እግሩን ታስጥበዋለች። ስሙን የምትጠይቀው ከበላ በኋላ ነው። ያኔም ሌባ ነበረ። እርግጥ ዘመኑ እንደዚያን ጊዜ አያስተማምንም፤ እኔም ልጆች አሉኝ። መታወቂያ ማየት ግን ነውር የለውም። ቤት ማስገባቱ የከበደው ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ወጣ ማለት አያቅተውም።

አዘጋጅ ሆይ፣ የበግ ተራ ዋጋ ስትዘግቡ አንድ ማታ ደግሞ ሆስፒታል በር ላይ ወጣ በሉና አስታማሚዎቹ የት እንደሚያድሩ ጻፉልን።

እኛ ቤት ሰርቪሷ ተጠርጋለች፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ ገብቶባታል። ለሆስፒታሉ ዘበኛ ስልኬን ትቼለታለሁ። በጉ ዘንድሮ ውጭ ነው፤ ማንጎው ሥር።

አንባቢያችሁ፣
ከባሕር ዳር