ያላያችሁትን ባትሪ «ጉድለት የለበትም» አትበሉ፦ ለተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

መሥሪያ ቤትዎ በሚጠቀምበት የዓመታዊ ምርመራ ቅጽ ላይ የጭስ ልኬት የሚሞላበት ቦታ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲቀርብ መርማሪው እዚያ ላይ ሰረዝ ያደርግና ወደ ፍሬን፣ ወደ ጎማና ወደ ፍሬቻ ያልፋል። ከወለሉ ሥር በመቶዎች ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ተኝቷል፤ ለእሱ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተያዘለትም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ካልበራ «ጉድለት የለበትም» ተብሎ ማኅተም ይመታል። ይህን ሁለት ጊዜ በደብዳቤ፣ አንድ ጊዜ በአካል ቀርበን አመልክተናል። ያገኘነው መልስ «ቅጹ ላይ የሌለ ነገር አይታይም» የሚል ነው። አሁን በአደባባይ እንጽፋለን።

የአንድ መኪና ጉዳይ ላስረዳዎት። ምርመራውን ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት «ፈጣን ቻርጅ ላይ ይዘገያል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል» ተብሎ እኛ ጋራዥ ገባ። ባትሪውን እየዞረ የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ (ኩላንት) ማጠራቀሚያ ሲከፈት ውስጡ ያለው ፋብሪካው ያዘዘው ፈሳሽ አልነበረም፤ ተራ የሞተር ኩላንት በቧንቧ ውኃ ተበጥብጦ ተጨምሮበታል፤ ከግርጌው ቡናማ ዝቃጭ ረግቷል። የዳያግኖስቲክ መሣሪያ ሰክተን ቻርጅ ስናደርገው በጣም የጋለው ሴንሰር 52 ዲግሪ፣ በጣም የቀዘቀዘው 37 ዲግሪ አነበበ። በአንድ ባትሪ ውስጥ የ15 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው፤ በደህና ጊዜ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚፈለገው።

ባለንብረቱ ዋስትና ጠየቁ። ሻጩ የእርስዎን ወረቀት አወጣ፦ በምርመራው ቀን ጉድለት አልነበረበትም፣ ስለዚህ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ በባለንብረቱ እጅ ነው። መኪናው እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ከሻጩ ጋራዥ ሌላ የገባበት ጋራዥ አልነበረም። ያ ዝቃጭም በሦስት ሳምንት የሚረጋ አይደለም። ማንም ያላየው ነገር «ደህና ነው» ተብሎ ስለተፈረመበት ግን ዕዳው ሰውየው ላይ ወደቀ።

«መብራት አልበራም» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። የባትሪው መቆጣጠሪያ ሙቀት ሲበዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ቻርጁንና ጉልበቱን መቀነስ ነው፤ መብራቱ የሚመጣው ነገሩ ሲከፋ ነው። ባትሪው የተሠራው ሴል ከሚባሉ ብዙ ትንንሽ ባትሪዎች ነው፤ ሴንሰሩም እያንዳንዱ ሴል ላይ አይቀመጥም፤ በአንድ ሞጁል (በአንድ የሴሎች ጥቅል) ላይ ጥቂት ብቻ ነው። ዘገምተኛ የሆነው መኪና ራሱ ማስጠንቀቂያው ነበር።

በሴል ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከጅረቱ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፈጣን ቻርጅ ላይ ማቀዝቀዣው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፈሳሹ የሚሄደው ከወለል ሥር በተዘረጉ ረጃጅም ቧንቧዎችና ቀጫጭን መተላለፊያዎች ስለሆነ ክዳን ከፍቶ መሙላት አይበቃም። ወይ በቫኪዩም (አየሩ አስቀድሞ ተመጥጦ) ይሞላል፣ ወይ ፓምፑና ቫልቮቹ በመሣሪያ እየታዘዙ አየሩ እስኪያልቅ ይዞራል፤ ከዚያ መጠኑ ዳግም ይታያል። በዚያ መኪና ይህ አልተደረገም። ፓምፑ ይሠራል፣ ግን አረፋ ይገፋል፤ አረፋ የያዘው ቦታ ላይ ያሉት ሴሎች ይግላሉ፣ ከሌሎቹ ቀድመውም ያረጃሉ። በተከታታይ በተያያዙ ሴሎች ደግሞ የሁሉንም ዐቅም የሚወስነው ደካማው ነው።

የቧንቧ ውኃው ጉዳት ከዚህም ይብሳል። ጨዉ የአሉሚኒየሙን የማቀዝቀዣ ሰሌዳ ይበላል። ሰሌዳው ተበስቶ ፈሳሹ ባትሪው ውስጥ ከፈሰሰ ኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል እንዳያልፍ የሚያግደው መከላከያ፣ ይወድቃል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደህንነት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 100 ለቀጥተኛ ጅረት ክፍል የኢንሱሌሽኑ መቋቋም በእያንዳንዱ ቮልት ቢያንስ 100 ኦም እንዲሆን እንደሚጠይቅ ያውቃሉ፤ ለ400 ቮልት ባትሪ 40,000 ኦም ነው። በርካታ መኪኖች ይህን ራሳቸው ይለካሉ። የጠፋው የሚያነብ ሰው ነው።

52 ዲግሪ ላይ መኪና አይቃጠልም፤ አናጋንንም። ነገር ግን ከ80 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መካከል በአሉታዊው ዋልታ ላይ ያለው መከላከያ ሽፋን መፍረስ ይጀምራል፤ መፍረሱም ሙቀት ይጨምራል። 130 ዲግሪ አካባቢ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየው የፖሊኤትሊን (ፕላስቲክ) ስስ ሽፋን ይቀልጣል፣ ዋልታዎቹም ሊነካኩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ፓምፕም ራዲያተርም አይመልሰውም። ማቀዝቀዣው አስቀድሞ የሞተበት ባትሪ አንድ ሴል ሲታመምበት ሙቀቱን የሚወስድለት ነገር የለውም።

ምርመራው ከባድ አይደለም። መኪናው ቆሞ ያደረ እንደሆነ ሴንሰሮቹ ሁሉ ተቀራራቢ ሙቀት ማንበብ አለባቸው። የኩላንቱ መጠንና ዓይነት ይታያል፤ ፓምፑና ፋኑ በመሣሪያ ይታዘዛሉ፤ ከራዲያተሩ ፊት አቧራና ቅጠል እንዳልዘጋው፣ ከሥር ደግሞ የባትሪው ሣጥን እንዳልሰረጎደ ወይም እንዳልረጠበ ይታያል። ከዚያ ትንሽ ተነድቶ ልዩነቱ እንደገና ይነበባል። እንደ መጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፎች ፈሳሽ የማይዞርበት ባትሪም አለ፤ እዚያ የሚነበበው የሙቀቱ ልዩነት ብቻ ነው።

መሣሪያ እስኪገዛ፣ መርማሪም እስኪሠለጥን ጊዜ ይፈጃል፤ ይገባናል። ከዚያ በፊት ግን በቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የባትሪ ማቀዝቀዣ፦ አልተመረመረም»። ለዚያ መኪና ባለንብረትም ይኸው በደብዳቤ ይጻፍላቸው። ሻጩ እጅ ላይ ያለው ማስረጃ የእርስዎ ማኅተም ብቻ ነው።