ስለ ራስ ሕክምና መጠየቅ ድፍረት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለድኩ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባን የሚጎዳና ላብን ከልክ በላይ ጨዋማ የሚያደርግ፣ በዘር የሚወረስ በሽታ) ሕመምተኛ ነኝ። በልጅነቴ ሳሉ አልለቅ ሲለኝ ለአስም ሲያክሙኝ ቆዩ፤ እናቴ ግንባሬን ስትስም ጨው ጨው እንደሚላት ብትነግራቸውም፣ በሽታው የነጮች ነው በሚል እምነት ቃሏን ሳይመረምሩ አለፉት። እውነቱ የታወቀው ሌላ ሐኪም ላቤን ካስመረመረ በኋላ ነው።

የበሽታው ዘረ መል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ይሁንና ብዙዎቹ የዘረ መል ምርመራዎች በአውሮፓውያን ዘንድ የሚበዙትን ለውጦች መሠረት አድርገው ስለተዘጋጁ፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያለው ሕፃን ሊያመልጣቸው ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ካለ፣ የመጀመሪያው ውጤት ምንም ቢል፣ የላብ ምርመራ ይደረግልን ማለት ተገቢ ነው፤ በላብ ውስጥ ያለው ክሎራይድ (የጨው አካል የሆነ ንጥረ ነገር) በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታውን ያመለክታል።

በእኛ ዘንድ ሐኪምን መጠየቅ አለማክበር ይመስላል፤ እኔም ለዓመታት አንገቴን ደፍቼ «እሺ» ብቻ እል ነበር። ዛሬ ግን የዘረ መል ለውጦቼን ስም በወረቀት ይዤ እሄዳለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደው የሦስት መድኃኒቶች ቅንብር ለሁሉም ለውጥ ስለማይሠራ፣ «ለአንቺ አይሆንም» ስባል ምክንያቱን በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችም ልጃቸውን ከማስተርጎም ይልቅ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብላቸው ይጠይቁ። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ስለ ገዛ ሳንባዬ ለእናቴ ስተረጉም፣ እንዳታለቅስ ብዬ የደበቅኋት ነገር ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ